«ፖሽ» ከትኬት፣ መርከብ ከመረከብ? የባሕር ቃላት ክርክር

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ የእንግሊዝኛ መምህራችን «ፖሽ» (የዘነጠ፣ የሀብታም ነገር) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከመርከብ ትኬት እንደመጣ አስተማሩን። ድሮ ከእንግሊዝ ወደ ህንድ በመርከብ የሚጓዙ ሀብታሞች ሲሄዱ በግራ፣ ሲመለሱ በቀኝ በኩል ያለውን ካቢን ይይዙ ነበር። ፀሐይ የማያገኘው ጎን እሱ ነው። ትኬታቸው ላይ «ሲሄድ በግራ፣ ሲመለስ በቀኝ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች ይታተማሉ፤ ፒ፣ ኦ፣ ኤስ፣ ኤች። አንድ ላይ ሲነበብ «ፖሽ»። በዚያው ዓመት የአማርኛ መምህራችን ደግሞ መርከብ «መርከብ» የተባለው ዕቃ የምንረከብበት ስለሆነ ነው አሉን። ሁለቱንም ለሃያ ዓመት ለሰው ሳወራ ኖርኩ። ባለፈው ወር ልጄ በምን አወቅክ ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ እውነቱን የሚያውቅ ካለ፣ ሌላም እንዲህ ዓይነት የባሕር ቃል የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ ብዬ ለጠፍኩ።

25 መልስ መጣ። መሃል ላይ ክሩ ወደ ባሕር ዛፍ ሄዶ ስለነበር፣ አዲስ ለሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች ያለውን ልተርከው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1 ጨዋ ነበር። ጸሐፊው አመስግኖኝ፣ እሱም የ«ፖሽ»ን ታሪክ እንዲሁ እንደተማረ ነገረን። እንደውም የመርከብ ድርጅቱን ስም ጨመረ፤ ፒ ኤንድ ኦ የሚባለው፣ የህንድን መስመር የያዘው ትልቁ የእንግሊዝ ኩባንያ። ለእሱ ነገሩ ያለቀ ነው። ፊደሎቹ እንዲህ ልክክ ብለው እየገጠሙ ውሸት ሊሆን አይችልም ባይ ነው።

መልስ 2 ከአንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት መጣ። ትህትናዋ እንዳለ ሆኖ የመጀመሪያውን ሰው በደንብ አረመችው። እስከ ዛሬ እነዚያ ፊደሎች የታተሙበት አንድም ትኬት አልተገኘም። ኩባንያው ራሱ እንዲህ ዓይነት ትኬት ነበረኝ አላለም። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላትም ታሪኩን የሚደግፍ ማስረጃ የለም ይላል። ከዚያ የጻፈችው ነገር ከክሩ ሁሉ የበለጠ ጠቀመኝ። «ፖሽ» ዛሬ ባለው ትርጉሙ፣ ማለትም የዘነጠ፣ የሀብታም ነገር በሚለው፣ ተጽፎ የተገኘው 1914 ላይ ነው። የትኬቱ ታሪክ ግን በጽሑፍ ብቅ ያለው በ1930ዎቹ ነው። ቃሉ ሃያ ዓመት ቀድሞ ነበር። ደግሞም በዚያ ዘመን ከፊደላት ተገጣጥሞ እንደ ቃል የሚነበብ ነገር በጣም ብርቅ ነበር። እንዲህ ያለው ልማድ የበዛው ከዓለም ጦርነቶቹ ወዲህ ነው። እሷ ወደ ሌላ መላምት ታደላለች። ሮማ በሚባሉት፣ ብዙ ሰው «ጂፕሲ» በሚላቸው ሕዝቦች ቋንቋ «ፖሽ» ማለት ግማሽ ነው። ቃሉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የመንገድ ንግግር ውስጥ የግማሽ ፔኒ፣ ቀጥሎም የገንዘብ ስም ሆኖ ነበር። በ1890 ደግሞ በአራድኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ «ዘናጭ ሰው» ተብሎ ተመዝግቧል። ከገንዘብ ወደ ዘናጭ ያለው መንገድ አጭር ነው።

መልስ 3 አንድ መስመር ብቻ ነበር። ታሪኩ እስካማረ ድረስ እውነት ሆነ አልሆነ ለማንም አይጎዳም አለ። ብዙ ላይክ አገኘ። እኔን ግን ቅር አለኝ። የሚጎዳው እንዴት እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ታዩታላችሁ።

መልስ 4 የጭነት መርከብ ላይ ከሚሠራ የመርከብ መሐንዲስ ነው። ባሕር ዳር የተማረ ልጅ ነው። የጻፈው ከመርከብ ላይ ሆኖ ስለነበር ኔትወርኩ እየተቆራረጠ በሦስት ክፍል ደረሰን። መምህርቷን ደግፎ፣ እሷ ያላየችውን ነገር አመጣ። ካርታ አውጡና እዩ ይላል። የስዊዝ ቦይ ከተከፈተ ከ1869 ጀምሮ የህንድ መርከብ የሚያልፈው በቀይ ባሕር ነው። ከስዊዝ ወደ ቀይ ባሕር ደቡባዊ መውጫ፣ ወደ ባብ ኤል መንደብ ስትወርድ መርከቡ የሚያየው ወደ ደቡብ፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘወር ብሎ ነው። ስለዚህ ግራው ምሥራቅ፣ ቀኙ ምዕራብ ነው። ጠዋት ግራው ይቃጠላል፣ ከሰዓት ቀኙ ይቃጠላል። ሙቀቱ የሚከፋው ደግሞ እዚያው ቀይ ባሕር ላይ ነው። የየመንን የኤደን ወደብ አልፈህ ወደ ምሥራቅ ወደ ቦምቤይ ስትዞር ግራው ሰሜን ይሆናል። በአውሮፓ የብርድ ወራት ፀሐይ በደቡብ ስለምታልፍ ያኔ ግራው ጥላ ያገኛል፤ ለታሪኩ የሚመቸው ይቺ ወቅት ናት። በሰኔ ግን ፀሐይ ከኤደን በላይ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ግራው ይሻላል ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ሰው፣ መንገዱን የማያውቅ ሰው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እሱ ራሱ በዚያ መስመር ስለሚወርድ አይቶ እንደሚነግረንም ቃል ገባ።

መልስ 5 የጥያቄ ምልክት ብቻ ያለበት አጭር ጽሑፍ ነው። የመርከብ የድረሱልኝ ምልክት የሆነው «ኤስ ኦ ኤስ»ስ? «ነፍሳችንን አድኑ» ማለት አይደለም እንዴ? አይደለም። መልስ 6 ላይ ድሮ በቴሌግራፍ ሥራ ላይ የነበሩ አባት በደንብ አስረዱን። ፊደሎቹ ምንም ትርጉም የላቸውም። የተመረጡት በሞርስ ሲላኩ ሦስት ነጥብ፣ ሦስት ሰረዝ፣ ሦስት ነጥብ ስለሆኑ ነው። ሌሊትም ሆነ ማዕበል፣ ጆሮ አይስታቸውም። ጀርመን በ1905 ጀመረችው፣ በ1906 በርሊን በተደረገው ስብሰባ ተቀባይነት አገኘ፣ በ1908 በሥራ ላይ ዋለ። «ነፍሳችንን አድኑ» የሚለው ከፊደሎቹ በኋላ የተሰፋ ነው። ከዚያ ወደ «ሜይዴይ» ሄዱ። እኛ አገር ሜይ ዴይ ሲባል ሚያዝያ 23፣ የሠራተኞች ቀን ነው ትዝ የሚለን። አብራሪውና መርከበኛው ለድረሱልኝ የሚጠሩት «ሜይዴይ» ግን ከዚያ ጋር አይገናኝም። በ1923 በለንደን ክሮይደን አውሮፕላን ማረፊያ ተመረጠ። ድምፁ «እርዱኝ» ከሚለው ከፈረንሳይኛው የተወሰደ ነው፤ መንገደኛው ብዙ ጊዜ በክሮይደንና በፓሪስ መካከል ስለነበር ለሁለቱም ወገን ይመች ነበር። በ«ኤስ ኦ ኤስ» ፋንታ የተመረጠበትም ምክንያት በስልክ ድምፅ «ኤስ» የሚለው ፊደል አጥርቶ ስለማይሰማ ነው። እኔ ይህን መልስ ሁለቴ አነበብኩት። በአንድ መልስ ውስጥ አንዱ ሐሰት፣ አንዱ እውነት፣ ሁለቱም ሰው እየሰመጠ ሳለ የሚነገሩ ቃላት።

መልስ 7 መምህርቷ ተመልሳ መጣች። አሁን ለሦስተኛው ሰው ነው። ለስለስ ብላ ጀምራ ጠንከር ብላ ጨረሰች። የሐሰቱ ታሪክ የሚጎዳው እውነተኛውን ስለሚሸፍን ነው ትላለች። ለምሳሌ እንግሊዞች በጣም የሰከረን ሰው «ሦስት ሺት በነፋስ ላይ» ይሉታል። ሰው «ሺት» ሲል ሸራው ይመስለዋል። በመርከበኛ ቋንቋ ግን «ሺት» ገመድ ነው፤ የሸራውን ጥግ ወጥሮ የሚይዘው ገመድ። ገመዶቹ ከተፈቱ ሸራው ይራገባል፣ መርከቡ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ይሄ በእርግጥ ከባሕር የመጣ አባባል ነው፤ ገመዱን ያላወቀ ሰው ግን ቃሉን እየተናገረ ሥዕሉን አያየውም። ተማሪዎቿ ፊት ቆማ ያልተጣራ ነገር የምትናገር መምህርት ደመወዟን መመለስ አለባት ብላ ደመደመች። ለእሷም ላይክ ዘነበላት።

ከዚህ በኋላ ወደ መርከብ ገባን።

መልስ 8 ሃይፋ ከሚኖር ወንድማችን ነው። ልጆቹ ከሚማሩት ዕብራይስጥ ተነሥቶ ጻፈ። በዕብራይስጥ «ር-ከ-ብ» ማለት መጋለብ፣ መሳፈር ነው። «መርካቫ» ሠረገላ ነው። በየቀኑ ወደ ሥራ የሚሄድበት ባቡር «ራኬቬት» ይባላል። ዓረቦቹም «ረኪበ» ሲሉ ተሳፈረ ማለታቸው ነው፣ «መርከብ» ደግሞ መሳፈሪያው። ስለዚህ መርከብ የሚሳፈሩበት እንጂ የሚረከቡበት አይደለም። በጣም ደስ አለኝ። ባቡርና ሠረገላና መርከብ አንድ ቤተሰብ ሆነው ሲመጡ ሃያ ዓመት ያወራሁት ነገር ከነሱ አጠገብ ቀለለብኝ።

መልስ 9 ላይ አንድ ዲያቆን የግዕዙን ጎን አስቀመጠ። በግዕዝ «ረከበ» ማለት አገኘ ነው። የአማርኛው ተረከበ፣ ርክክብ ከዚያ የመጣ ነው። የመርከብ የቆየ የግዕዝ ስሙ ደግሞ «ሐመር» ነው፤ ሐመረ ኖኅ ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ስለዚህ መርከብና መረከብ በጆሮ ይቀራረባሉ እንጂ በትርጉም መንገዳቸው ለየቅል ነው አለ።

መልስ 10 አልተዋጠለትም። ጥያቄው ደግሞ ጥሩ ነው። በግዕዝም በአማርኛም «መ» ከፊት ገብታ የመሣሪያና የቦታ ስም ትሠራለች፤ ነበረ ከሚለው መንበር እንደሚወጣ። ታዲያ መርከብም ከጥንቱ የሴም ቋንቋዎች ሀብት የራሳችን ሆኖ የቆየ ለምን አይሆንም? ለምን ሁልጊዜ ከዓረብ ተዋስን እንላለን? ዲያቆኑ እዚያው ሥር መለሰለት። የራሳችን ቢሆን ኖሮ መሳፈር የሚለው ትርጉም በግሡ ላይ ይቀር ነበር። ግዕዝ ግን አህያ ላይም ፈረስ ላይም መቀመጥን «ተጽዕነ» ነው የሚለው። «ረከበ» ማግኘት ላይ ብቻ ነው የቆመው። እኔ የዲያቆኑን ወገን እይዛለሁ። በቀይ ባሕር ላይ ለዘመናት ሲመላለሱ የኖሩት የዓረብ መርከበኞች ናቸው። ዕቃው ሲመጣ ስሙም አብሮ ይመጣል። በዚህ የሚያሳፍር ነገር አላይም።

መልስ 11 ግን ክሩን ገለበጠው። ጸሐፊው በስሜት የተሞላ ነው። እንግሊዞች ከትልቁ መርከብ ላይ የምትወርደውን ትንሽ ጀልባ «ጆሊ ቦት» ይላሉ፤ ይቺ «ጆሊ» የእኛ ጀልባ ናት፣ ሰርቀውናል አለ። ሌላም ብዙ ቃል እንደሰረቁ፣ መዝገበ ቃላቱን የሚጽፉት እነሱ ስለሆኑ እንደሚደብቁት ጨመረ።

መልስ 12 ስለት ነበረው። የጻፈችው የሥነ ልሳን ተማሪ ናት። ሁለት ቃል ስለተመሳሰለ ዘመድ ነው ማለት፣ በመንገድ ላይ የሚመስልህን ሰው ሁሉ ወንድሜ ማለት ነው ትላለች። ደግሞ ጀልባ ራሱ ዓረብኛ ነው። «ጀልባ» የቀይ ባሕር መርከብ ስም ነበር። ኢብን ጁበይር የተባለው የአንዳሉስ (የያኔው የሙስሊም ስፔን) ተጓዥ በ1183 በቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ ከነበረው ከአይዛብ ወደብ ወደ ጂዳ የተሻገረው በእነዚህ ነው። ምስማር እንደሌላቸው፣ ሳንቃቸው በኮኮናት ቃጫ ገመድ የተሰፋ እንደሆነ ጽፏል። «ጆሊ ቦት» ግን ሌላ ክርክር አለው። አንዱ ወገን በዴንማርክና በሆላንድ «ዮለ» ከሚባለው ትንሽ ጀልባ ያመጣዋል። ሌላው በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች «ጄሊዋት» እያሉ ከጻፉት ስም ያያይዘዋል። የእኛ ባሕር በዚህ የለችበትም። እንግሊዞችም ተመሳሳይ በሽታ እንዳለባቸው ነገረችን። ያላወቁትን ቃል ሁሉ ከመርከብ ያመጡታል። እዚያ ያሉ የቃል ተመራማሪዎች በዚህ ተማረው «ለሁሉም ነገር የባሕር ምንጭ የሚያበጅ ኮሚቴ» የሚል ስም አውጥተዋል፤ የእንግሊዝኛው ፊደሎች ሲገጣጠሙ የታንኳ ስም ይሆናሉ።

የወንድም ምሳሌው ሰውየውን አስቆጣው። መልስ 13 ላይ የፈረንጅ መዝገበ ቃላት ባሪያ አላት፤ ሌላም ጨመረ፣ አልደግመውም። መልስ 14 አድሚኑ ነው። ስድብ እንደማይፈቀድ ጻፈ፤ ለሁለቱም። እኔ ግን ለሁለቱም እኩል መሆን አልነበረበትም ብዬ አምናለሁ። እሷ ዓመትና ቦታ አመጣች። እሱ ያመጣው ቁጣ ብቻ ነበር።

መልስ 15 ሻርጃ የምትሠራ እህታችን ናት። ዓረብኛውን በሥራ ነው የለመደችው። ነገሩን አበረደችው። ሰውየው የሚፈልገው ክብር ከሆነ እውነተኛው መዝገብ ውስጥ ሞልቷል አለች። የባሕር ኃይል አዛዥ ማዕረግ የሆነው «አድሚራል» ዓረብኛ ነው። «አሚር» የሚለውን እኛም የሐረር አሚር እያልን እናውቀዋለን። «አሚር አል» ማለት የ…አዛዥ ማለት ነው፤ የምን አዛዥ እንደሆነ የሚናገረው ቃል ተቆርጦ ቀርቶ «አል» ብቻዋን ተንጠልጥላ ወደ አውሮፓ ገባች። ክርክሩ ያለው የተቆረጠው ቃል ላይ ነው። አንዳንዱ «አሚር አል ባሕር» ነበር ይላል። ሌላው ቃሉ ከብዙ ማዕረጎች ውስጥ «አሚር አል»ን ብቻ ይዞ ነው የተሻገረው ይላል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሲሲሊ የንጉሥ ሮጀር ሁለተኛ ሹም የነበረው የአንጾኪያው ጊዮርጊስ «የአሚሮች አሚር» የሚል ማዕረግ ነበረው፤ መርከቦቹንም የሚያዘው እሱ ነበር። መሃል ላይ የገባችው «ዲ» ደግሞ ከላቲኑ «ማድነቅ» ከሚለው ቃል ጋር ተምታታ የገባች ናት።

«ታሪፍ»ንም አነሣች። የታክሲ ታሪፍ እያልን በየቀኑ እንጠራዋለን። ብዙ ሰው በስፔን ደቡብ ጫፍ ካለችው ከታሪፋ ከተማ የመጣ ይመስለዋል። የባሕር ወንበዴዎች እዚያ ሆነው ከሚያልፈው መርከብ ሁሉ ቀረጥ ይሰበስቡ ነበር ይባላል። ከተማዋ ግን ስሟን ያገኘችው በ710 እዚያ ከወረደው ጦር መሪ ከታሪፍ ነው። የቀረጡ «ታሪፍ» ማሳወቅ ከሚል የዓረብኛ ቃል ነው፤ ዋጋውን የሚያሳውቅ ዝርዝር። በጣሊያንኛ በኩል አልፎ ወደ ሌሎቹ ደረሰ። «ሞንሱን»ም «መውሲም» ነው፤ ወቅት። መርከበኞቹ የሚጠብቁት የነፋስ ወቅት። ፖርቹጋሎች ከዓረብ መርከበኞች ሰምተው ወሰዱት። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለአሥራ አንደኛው ሰው ያለኝ ቁጣ ቀነሰ። የፈለገው ነገር ነበር፤ ቦታውን ነው የሳተው።

መልስ 16 ላይ አንድ አንጋፋ ገቡ። በወጣትነታቸው ምጽዋ በባሕር ኃይል አገልግለዋል። ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የጠራናቸው። እሳቸው በቃላት ጨዋታ ሳይሆን በሥራ ነው የሚያውቁት። መርከብ ላይ ግራ ቀኝ አይባልም። ወደ ፊት የሚያየውም ወደ ኋላ የሚያየውም ሰው አንድ ዓይነት ጎን እንዲረዳ ግራው «ፖርት»፣ ቀኙ «ስታርቦርድ» ነው። ሌሊት በግራ ቀይ መብራት፣ በቀኝ አረንጓዴ ይበራል። «ስታርቦርድ» ከኮከብ ጋር አይገናኝም፤ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ግን ሁልጊዜ ኮከብ ይመስለዋል። በጥንቱ እንግሊዝኛ «የመሪ ጎን» ማለት ነው። መርከቡ የሚመራው በቀኝ በኩል በታሰረ ትልቅ መቅዘፊያ ነበር፤ ብዙ ሰው ቀኝ እጁ ስለሚቀናው። ያ መቅዘፊያ እንዳይሰበር ወደብ ላይ የሚጠጉት በግራው ጎን ነው። ጭነትም የሚገባው በዚያ ነው። የግራው የድሮ ስም «ላርቦርድ» የመጫኛ ጎን ከሚለው የመጣ ነው። ችግሩ «ስታርቦርድ» እና «ላርቦርድ» በማዕበል መሃል ሲጮኹባቸው አንድ ይመስላሉ። በዚያ ሰው ሊሞት ይችላል። የእንግሊዝን ባሕር ኃይል የሚያስተዳድረው አድሚራልቲ በ1844፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1846 «ፖርት» እንዲባል አዘዙ። ጋሼ ለጀማሪ ምልምል የሚነገረውንም ነገሩን፤ በእንግሊዝኛ «ፖርት» አራት ፊደል ነው፣ «ግራ» የሚለውም አራት ፊደል።

መልስ 17 ስለ ታይታኒክ ጠየቃቸው። በ1912 በዚያች ሌሊት የተሰጠው ትዕዛዝ ወደ ስታርቦርድ ነበር፤ መርከቡ ግን የዞረው ወደ ግራ ነው። ሰውየው ስህተት ነው ብሎ ነበር። ጋሼ እዚያው ሥር አረሙት። በዚያ ዘመን ትዕዛዙ የሚነገረው ለመሪው እጀታ ነበር። እጀታው ወደ ቀኝ ሲገፋ የመርከቡ ፊት ወደ ግራ ይዞራል። መሪውን የያዘው መርከበኛ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ልማዱ የተቀየረው በ1930ዎቹ ነው። አንድ ሰው በማያውቀው ዘመን ቃል ሙታንን መክሰስ የለበትም አሉ። እኔም እንደሳቸው ነው የማስበው።

መልስ 18፣ 19 እና 20 ባሕር ዛፍ ናቸው። አንዱ ባሕር ዛፍ እንዲህ የተባለው ውሃ እንደ ባሕር ስለሚጠጣ ነው አለ። ሌላው ከባሕር ማዶ ስለመጣ እንደሆነ ነገረው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ትግርኛም በቆሎን «ምሸላ ባሕሪ» ሲል ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽላ ማለቱ ነው። ሦስተኛው ቃሉን ትቶ ዛፉን ያዘ። የአያቱ መንደር ምንጭ በባሕር ዛፍ እንደደረቀ በምሬት ጻፈ። እውነት ሀዘኑ ይገባኛል። ለዚያ ሌላ ክር ከፈትኩለት።

መልስ 21 ሲያትል የሚኖር የሶፍትዌር ሰው ነው። እኛ ሁላችን በየቀኑ «ሎግ ኢን» እንላለን። ቢሮው ውስጥ አንድ ሰው ቃሉ ከመርከብ የመጣ ነው አለው። እስካሁን ያነበበውን አይቶ፣ ይሄም እንደ «ፖሽ» ሐሰት መሆኑን እርግጠኛ ነኝ አለ።

መልስ 22 መሐንዲሱ ነው። እውነት ነው አለው! ክሩ ውስጥ በጣም የወደድኩት ይህን ነው። «ሎግ» ማለት ግንድ፣ የእንጨት ቁራጭ ነው። ድሮ የመርከብ ፍጥነት የሚለካው አንድ ጠፍጣፋ እንጨት በገመድ ታስሮ ከኋላ ወደ ባሕሩ በመጣል ነበር። ቀጥ ብሎ ውሃው ላይ እንዲቆም አንዱ ጠርዙ ላይ እርሳስ (ከባዱ ብረት) ይደረግበታል። እንጨቱ እዚያው ይቆማል፣ መርከቡ ይሄዳል፣ ገመዱ ይተረተራል። ገመዱ ላይ በየ14.4 ሜትሩ ቋጠሮ አለ። አንዱ 28 ሰከንድ የሚፈጅ የአሸዋ ሰዓት ይይዛል፣ ሌላው በእጁ ውስጥ ያለፈውን ቋጠሮ ይቆጥራል። ስድስት ቋጠሮ ካለፈ ፍጥነቱ ስድስት «ኖት» ነው። «ኖት» ማለትም ቋጠሮ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ሒሳቡም ይገጥማል፤ 14.4 ሜትር በ28 ሰከንድ ማለት በሰዓት 1,852 ሜትር ገደማ፣ አንድ የባሕር ማይል ነው። የተቆጠረው የሚጻፍበት ደብተር የእንጨቱን ስም ወርሶ «ሎግ ቡክ» ሆነ። ከዚያ ማንኛውም የየዕለት መዝገብ «ሎግ» ተባለ። ኮምፒውተር ሲመጣ ማን ገባ ማን ወጣ የሚመዘገብበትም «ሎግ» ሆነ። አሁን የይለፍ ቃል ስታስገባ የምትጠራው ያን እርሳስ ያለበት እንጨት ነው።

እዚህ ላይ እያንዳንዱ ደረጃ ተጽፎ ይገኛል። እንጨቱ አለ፣ ገመዱ አለ፣ ደብተሩ አለ። የ«ፖሽ» ትኬት ግን የለም።

መልስ 23 ሦስተኛው ሰው ነው፤ ታሪኩ ካማረ ያለው። አሁን በአክብሮት ነው የመጣው። የናስ ዝንጀሮዋንስ ምን ትላላችሁ አለ። እንግሊዞች ብርዱ ሲጠና የናስ ዝንጀሮን እንኳ ያሰናክላል የሚል ባለጌ አባባል አላቸው፤ የትኛው የአካል ክፍል ከብርዱ እንደሚረግፍ እዚህ አልጽፍም። ማብራሪያው ግን ጨዋ ነው። «ዝንጀሮ» ማለት የመድፍ ጥይቶች የሚደረደሩበት የናስ ትሪ ነው፤ ብርድ ሲሆን ናሱ ስለሚኮማተር የብረት ኳሶቹ ይወድቃሉ ይባላል።

መልስ 24 አንድ የፊዚክስ መምህር በሒሳብ ጨረሰው። ናስ በአንድ ሜትር፣ በአንድ ዲግሪ 19 ማይክሮ ሜትር ገደማ ይኮማተራል፤ ብረት 12 ገደማ። ልዩነቱ 7 ነው። ሙቀቱ 50 ዲግሪ ቢወርድ እንኳ በአንድ ሜትር ትሪ ላይ 0.35 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ የሚወድቅ ኳስ፣ መርከቡ ትንሽ ቢወዛወዝ ድሮ ወድቆ ነበር። መምህርቷም ሥሩ ላይ ጨመረችበት። ጥይቶቹ የሚቀመጡት ቀዳዳ ባለው የእንጨት መደርደሪያ ላይ ነበር። አባባሉም መጀመሪያ ስለ ብርድ ብቻ አልነበረም፤ በ1847 በታተመ አንድ የመርከበኛ ትረካ ውስጥ የናስ ዝንጀሮን አፍንጫ የሚያቀልጥ ሙቀት ይላል። አፍንጫ ያለው ትሪ የለም። ሦስተኛው ሰው አመስግኖ፣ መልስ 3ን ራሱ ሰረዘው። እኔ ባይሰርዘው እመርጥ ነበር፤ ቁጥሩ እንዳይዛባ ብዬ እዚህ ቦታውን ጠብቄለታለሁ።

መልስ 25 ትናንት ማታ ገባ። መሐንዲሱ ነው። ከስዊዝ ወርዶ ወደ ጂቡቲ እየተጠጋ ነበር። ቃሉን ጠብቆ ሦስት ቀን አይቷል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የግራው ጎን መደገፊያ ብረት እጅ አያስነካም፣ ቀኙ ጥላ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ግራው ጥላ ሆኖ ቀኙ ይነድዳል። ሦስቱንም ቀን እንዲሁ ነበር። የእሱ ካቢን በስታርቦርድ በኩል ነው። ከሰዓት በኋላ መጋረጃውን ዘግቶ፣ ፋን ከፍቶ፣ ወደ ማሽን ክፍሉ እስኪወርድ ይተኛል።